ከኖላ አፍ ያልወጣው ቃል

ኖላ ትሬዊን ባሏን የቀበረች ዕለት ቄሱ እጇን ይዘው፣ «ኖላ፣ ምን እናድርግልሽ?» አሏት። ባሏ ኤሮል የሞተው ትራክተር ተገልብጦበት ነው፤ ስንዴው ገና አልታጨደም ነበር። ኖላ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «እችለዋለሁ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍቱን በሰዓቱ ከፈተች።

በዚያን ዕለት በትንሿ ከተማችን በደሪንጋል ያለ ሰው ሁሉ መጽሐፍ ሊመልስ መጣ። የመመለሻው ቀን የደረሰበት ሰው አልነበረም። አንዱ ግማሹን ሳያነብ፣ ሌላው ገና ሽፋኑን ሳይገልጥ፣ ሁሉም መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ተሰለፈ። ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ ባሕር ዛፉ ጥላ ደረሰ። ተራው የደረሰው ሰው መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ ኖላ ትቀበለውና ማኅተሟን ትመታለች፤ «አመሰግናለሁ» ትላለች። ሰውየው «ሙቀቱ በርትቷል» ይላል። እሷም «በርትቷል» ትላለች። ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ የሚደረሰው እንዲህ ነው። ስለ ኤሮል አንድም ሰው አልተናገረም፤ ያልመጣ ሰው ግን አልነበረም።

ክሌም እባላለሁ። ዕድሜዬን የጨረስሁት በበግ ሸላችነት ነው። ስለዚህች ሴት የምጽፈው እሷ ባስያዘችኝ ፊደል ነውና አጥርቼ መጻፍ ግዴታዬ ነው።

ኖላ ወደ ደሪንጋል የመጣችው በልጅነቷ አግብታ ነው። ቤተ መጻሕፍቱን የምትጠብቀው አማቷ ነበረች፤ አማቷ ስታረጅ ቁልፉ ወደ ኖላ እጅ ገባ። ቤቱ ከመሰብሰቢያ አዳራሹ ጎን የተለጠፈ አንድ ክፍል ነው። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ማንበብ እንጂ መነጋገር አይቻልም። ዝናብ እምብዛም ስለማይጥል ብዙ ተነጋግረንበታል።

ባንኩ ሲዘጋ ሰው ወደ ኖላ ሄደ። ፖስታ ቤቱ ሲዘጋም ወደ ኖላ ሄደ። ጡረታው፣ የድርቅ ድጎማው፣ የመንጃ ፈቃዱ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ፣ ገበሬው መነጽሩን በኪሱ ይዞ ወደ ኖላ ሄደ። በበጋ ሽማግሌዎች ከሙቀቱ ሸሽተው እዚያ ይውላሉ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲዘገይ ልጆቹ ወለሉ ላይ ተዘርግተው ይጠብቃሉ። ባሏ የሚመታት አንዲት ሴት ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ማንም የማያነበውን የአትክልት መጽሔት ገልጣ ትቀመጣለች። ኖላ ሻይ ታቀርብላታለች እንጂ ምንም አትጠይቃትም። አንድ ቀን ያች ሴት ልጆቿን ይዛ ከከተማው ጠፋች። በማን መኪና እንደሄደች የምናውቅ እናውቃለን። በእርግጥ መጽሐፍ የሚዋስም ሰው ነበር።

እኔ የገባሁት ወገቤ እምቢ ካለኝ በኋላ ነው። በግ ሸላች ዕድሜውን ጎንበስ ብሎ ኖሮ አንድ ቀን ቀና ማለት ሲያቅተው ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚውልበት ያጣል። መጠጥ ቤት ለመዋል ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ስለዚህ ከኖላ ዘንድ ገብቼ ጋዜጣ ዘርግቼ መቀመጥ ጀመርሁ። ማንበብ አልችልም ነበር። ፎቶግራፉን አያለሁ፤ ሰው ሲገለብጥ አይቼ እገለብጣለሁ።

ኖላ ከመጀመሪያው ሳምንት ሳታውቅ አልቀረችም። ግን ምንም አላለችኝም። አንድ ቀን ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ክሌም፣ ዓይኔ መስመር እየሳተ አስቸገረኝ። የበጉን ገበያ ጮክ ብዬ ላነብልህ ነው፤ ጣቴን ከሥር ካላስኬድኩ መስመሩ ይጠፋብኛል፤ አትሳቅብኝ» አለችኝ። ዓይኗ እንደ ጭልፊት ዓይን ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች የበግና የሱፍ ዋጋ አነበበችልኝ። «በግ» የሚለውን ቃል ለየሁት። ቀጥሎ «ጠቦት»ን። ዓመቱ ሳያልቅ እሷ መስመር ስትስት እኔ አረምኋት፤ እሷም «አየህ፣ አልኩህ እኮ፣ ዓይኔ ደክሟል» አለች። አመሰግንሻለሁ አላልኋትም። ፈልጬ ያዘጋጀሁትን ማገዶ በፒክአፕ ጭኜ በሯ ላይ አራገፍሁላት። እሷም እንጨቱን አገላብጣ አየችና «መጥፎ አይደለም» አለች። ከዚህ የበለጠ ምስጋና እኛ ዘንድ የለም።

ወንዙ ሞልቶ ከተማ የገባ ዓመት የታችኞቹ መደርደሪያዎች ውሃ ጠጡ። ውሃው ሲጎድል ኖላ ጭቃ ላይ ቆማ መጻሕፍቱን አየችና፣ «እንችለዋለን» አለች። መጻሕፍቱን ጭነን በግ ወደሚሸለትበት ትልቁ መጋዘን ወሰድናቸው። እዚያ የተሸለተው ሱፍ የሚዘረጋበት ባለ ርብራብ ጠረጴዛ አለ፤ ነፋስ ከሥር ያሳልፋል። መጻሕፍቱን እንደ ሱፍ ዘረጋንና በየገጻቸው ገለጥናቸው። ጎረቤቴ ዱጊ ስንዴ ዘሪ ነው፤ በሕይወቱ ከትራክተር መመሪያ በቀር ያነበበው ነገር የለም። አንዱን ገጽ ከሌላው እያላቀቀ፣ «ኖላ፣ ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ገልጬ ጨርሼ መሃይም ሆኜ ልሞት ነው?» አላት። «አንተ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችው። ከዚያ ወዲህ የደሪንጋል መጻሕፍት ሁሉ የበግ ስብ ይሸቱ ነበር። ማንም አልተከፋበትም፤ እኛም እንደዚያው ነበርን።

ይህን ሁሉ የማወራው ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ እንዲገባ ነው። የተበላሸው በክፋት አይደለም።

የወረዳው ምክር ቤት ለመጪዎቹ ዓመታት የቤተ መጻሕፍት ስትራቴጂክ ዕቅድ እያዘጋጀ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። ዘመን ተለወጠ፣ ሰው በስልኩ ያነባል፣ ሕንጻዎቹ አርጅተዋል፣ ስለዚህ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይታጠፍ የሚለውን ሕዝቡን ጠይቀው ይወስናሉ ተባለ። ሕዝቡን እንድትጠይቅ የተላከችው ታምሲን የምትባል ወጣት ሴት ናት። ስለ እሷ ክፉ አልናገርም። አቧራማውን መንገድ ብቻዋን ነድታ መጣች፣ ሰው ሲናገር ታዳምጣለች፣ የምትሰማውንም አሳጥራ ሳይሆን እንዳለ ትጽፋለች። ጥፋቱ የመጣው እንዳለ በመጻፏ ነው።

«ወይዘሮ ትሬዊን ነዎት?» አለች ከበሩ ላይ።

«ወይዘሮ ትሬዊን አማቴ ናት፤ እሷም ከሞተች ቆየች። ኖላ በይኝ። ሻይ ትጠጫለሽ?»

ታምሲን ሻይዋን ይዛ ከእኔና ከዱጊ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ዱጊ የመጣው ለሙቀቱ ነው፤ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እያንጎላጀ ነበር።

«እዚህ የሚሰጠውን አገልግሎት እንዴት ያዩታል?» አለችው።

ዱጊ ኮፍያውን አነሳና አሰበ። «መጥፎ አይደለም።»

«መጥፎ አይደለም ሲሉ፣ ጥሩ ነው ማለትዎ ነው ወይስ መካከለኛ?»

«መጥፎ አይደለም ማለቴ ነው።»

ዱጊ ያገባ ዕለት ስለ ሙሽራይቱ ሲጠየቅ ያለው ይህንኑ ነው። ልጅቷ ይህን ከየት ታውቃለች? «መካከለኛ» ብላ ጻፈች።

«ቤተ መጻሕፍቱ ቢዘጋስ?»

«ቢዘጋማ የዚህን ሰውዬ ፊት ከማየት እገላገላለሁ» አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

«እኔም ማንኮራፋትህን ከመስማት» አልሁት።

ታምሲን ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የምሬን ነው፤ ቢዘጋ ምን ትሆናላችሁ?» አለች።

ዱጊ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከውጭ የእህል ጎተራውና ባዶው መንገድ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። «እንግዲህ፣ እንችለዋለን» አለ።

እሷም ወደ ኖላ ዞረች። «ኖላ፣ እርስዎስ? ለውጥ ቢመጣ ከተማዋ እንዴት የምትሆን ይመስልዎታል?»

ኖላ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። «እንችለዋለን። ልድገምሽ?»

በየቤቱም እንዲሁ ሆነ። ታምሲን ከተማውን ዞራ ጨርሳ ስትሄድ ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ። ምስኪን፣ ሌላ ቦታ ሰው እየጮኸባት ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን የረጅም መንገድ እንግዳ ላይ የራስን ሸክም መጫን ነውር ነው። ሰው ደክሞት መጥቶ ሻይህን ሲጠጣ፣ «አንተ ከሄድህ በኋላ እንሞታለን» አይባልም።

ረቂቁ ዕቅድ በብርድ ወራት መጣ። ኖላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና እንደ ዱሮው ጣቷን ከሥር እያስኬደች አነበበችልን። ስለ ደሪንጋል የተጻፈው ጥቂት መስመር ነው። ነዋሪው ራሱን የቻለና ለውጥን የመሸከም አቅም ያለው ነው ይላል። በአገልግሎቱ ያለው እርካታ መካከለኛ ነው ይላል። ቤተ መጻሕፍቱ ቢታጠፍ ማኅበረሰቡ እንደሚችለው በራሱ አንደበት አረጋግጧል ይላል። ስለዚህ ክፍሉ ተዘግቶ በነዳጅ ማደያው አጠገብ የመጽሐፍ ሳጥን ይቆማል፤ ሰው መጽሐፉን በስልኩ አዝዞ ሲደርስለት በሚስጥር ቁጥር ከፍቶ ይወስዳል።

ኖላ «በራሱ አንደበት» ከሚለው ላይ ጣቷን አቁማ ቆየች።

መቻል የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንደኛው አቅም ነው፤ ዕቃውን አንስተህ ትሄዳለህ። ሁለተኛው መሸከም ነው፤ ዕቃው አንተ ላይ ይወድቅና ሳትጮኽ ከሥሩ ትቀመጣለህ። እነሱ የሰሙት የመጀመሪያውን ነው፤ እኛ ያልነው ሁለተኛውን። ይህን ለመረዳት የእኛን ለቅሶ አይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዱጊ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አለና፣ «መካከለኛ ያልኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አለ።

«አንተ መጥፎ አይደለም ነው ያልከው» አለችው ኖላ። «ያንን የበለጠ ልትል አትችልም ነበር፤ አውቃለሁ።»

ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ምክር ቤቱ ተቃውሞ ያለውን ይሰማል ተባለ። ሰው ሁሉ ኖላ ትሂድ አለ። ሰው በቃሏ የሚተማመንባት እሷ ናት፣ የምክር ቤቱን ሰዎች ታውቃቸዋለች፣ ስትናገርም አታፍርም ተባለ። እኔ በፒክአፔ ልወስዳት ተስማማሁ። ለእኔ የምትለው ነገር የታወቀ ነበር። ቤቱ ምን እንደሚሠራ ትነግራቸዋለች፤ በመጨረሻም አንዲት ቃል ትናገራለች፤ «አንችለውም» የምትል። ዕቅዱ የቆመው እንችለዋለን በሚል አንድ ምሰሶ ላይ ነውና እሱን ነቅንቃ ብትጥለው ቤቱ ይተርፋል። በፒክአፑ ውስጥ እንድትለማመድ አደረግኋት።

«እኔ ሊቀ መንበሩ ነኝ» አልኋት። «ኖላ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቢዘጋ ምን ትሆናላችሁ?»

«ክቡር ሊቀ መንበር፣ መጀመሪያ ጸጉርዎን ይበጠሩ።»

«ኖላ!»

«እሺ፣ እሺ። እንቸገራለን።»

«ምን ያህል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ አይባልም!»

«ታዲያ በጣም ልበል? በጣም እንቸገራለን። አይ ክሌም፣ ይሄማ ለማኝ ያስመስለኛል።»

«አንችለውም በይ። አንድ ቃል ናት።»

የታጨደው የስንዴ ማሳ በግራና በቀኝ ይሸሻል። ብዙ ከሄድን በኋላ እንዲህ አለችኝ። «ኤሮል የሞተ ጊዜ ቄሱ ሲጠይቁኝ፣ አልችለውም ብል ኖሮ እዚያው እቀመጥ ነበር። ከመቃብሩ አጠገብ። ማንም አያነሳኝም ነበር። እችለዋለሁ ስላልኩ ነው እግሬ የሄደው። ያቺ ቃል ናት ያቆመችኝ። አሁን እሷን ከአፌ ብታወጣት ምን ይዤ እቆማለሁ?»

መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆምሁ። በጎች በአጥሩ አጠገብ ቆመው አዩን። ኖላ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤ ወደ በጎቹ እያየች፣ በቀስታ፣ «አንችለውም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። እጆቿ ጭኗ ላይ እንደተኙ ናቸው። አላለቀሰችም። እኔ ግን አንድ ነገር እንደተቀደደባት ተሰማኝ።

«በቃ፤ እንደዚያ ነው» አልኋት። «እንዲያው እንደዚያ።»

«በጎቹ አልደነገጡም» አለች።

በምክር ቤቱ አዳራሽ ታምሲን በጎን ተቀምጣ ነበር፤ ለኖላ እጇን አነሳችላት። ሊቀ መንበሩ ራሱ የገበሬ ልጅ ነው፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ደግ ሰው። ኖላ ተነሥታ ተናገረች፤ መልካምም ተናገረች። ስለ ጡረታው ወረቀት፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሙቀቱ ነገረቻቸው። የማንንም ስም ሳትጠራ፣ ለአንዳንድ ሴት በሩ ክፍት የሆነ ቤት መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ነገረቻቸው። አንዲት የምክር ቤት አባል ብዕሯን አስቀምጣ ታዳምጥ ነበር። እኔ በልቤ፣ አሁን ቃሏን ትበል እንጂ ቤቱ ተረፈ አልሁ።

በዚህን ጊዜ ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ፣ በደግነት፣ «ኖላ፣ ልፋትሽን ሁላችንም እናውቃለን። ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ ይሄ ነገር ቢሆን ደሪንጋል ትችለዋለች?» አላት።

ክፉ ድምፅ ቢጠቀም ኖሮ ትመልስለት ነበር። ተሳድቦ ቢሆን ኖሮ ኖላ ምላስ አያጥራትም ነበር። ግን የጠየቃት ቄሱ በመቃብሩ አፍ ላይ በጠየቋት ድምፅ ነው። አየኋት። አገጯ ቀና አለ። ትከሻዋ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ እንዳለቀልን አወቅሁ።

«እንችለዋለን» አለች።

ልነሣ ስል እጇ ክንዴ ላይ አረፈ። «ተው ክሌም» አለችኝ በሹክሹክታ። ቃሏን ሰጥታለች፤ እሷ ባለችበት ቃሏን ማፍረስ እሷን በአደባባይ መግፈፍ ነው። ተቀመጥሁ። ያቺ ሴትዮ ብዕሯን መልሳ አነሣች። እጅ ወጣ፤ ዕቅዱ አለፈ። ስንመለስ የቆምንበት አጥር አጠገብ በጎቹ አልነበሩም።

ቤቱ የሚዘጋበት ቀን ሲደርስ ሰው መጽሐፍ ሊመልስ መጣ። በዚህ ጊዜ ቀኑ ለሁሉም ደርሶ ነበር። ሰልፉ እንደዚያን ጊዜው እስከ ባሕር ዛፉ ሄደ። ኖላ ትቀበላለች፣ ማኅተሟን ትመታለች። መልሶ የሚወስደው ለሌለ መጽሐፍ ማኅተም ምን ያደርጋል? መታች። «ብርዱ በርትቷል።» «በርትቷል።» ዱጊ ተራው ሲደርስ የሚመልሰው መጽሐፍ ስላልነበረው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። «መጥፎ አልነበረም» አላት። ኖላ ዞር ብላ መስኮቱን ዘጋች፤ መስኮቱ ግን ቀድሞም ዝግ ነበር።

መጻሕፍቱን ሌሎች ቅርንጫፎች ይወስዷቸዋል ተብሎ ነበር። የጭነት መኪናው ሹፌር አንዱን ገልጦ አሸተተና ስልክ ደወለ። በግ በግ የሚሸት መጽሐፍ አንቀበልም ተባለ። ወደ ቆሻሻ መጣያው ወሰዷቸው። ከእነሱ መካከል ጥቂቱን እኔ አምጥቼ ቤቴ አኑሬያለሁ፤ ሁሉን ማምጣት አልቻልሁም። ይህ ቃል ሁለተኛ ፊት የለውም።

ኖላ ከእኛ ጋር ልትቆይ ሞከረች። ጠዋት ተነሥታ ትለብሳለች፣ እስከ አዳራሹ ትሄዳለች፣ ቁልፉ የተቀየረውን በር አይታ ትመለሳለች። ለአየር ነው የምወጣው ትላለች። በኋላ ባሕር ዳርቻ ያለችው እህቷ መጥታ ወሰደቻት። በስልክ ስንገናኝ፣ «ባሕሩ እንዴት ነው?» እላታለሁ። «ውሃ በዛበት» ትለኛለች። «ምን እያነበብሽ ነው?» ስላት ግን ስለ አየሩ ትነግረኝ ጀመር።

ኖላ እዚያው ሞተች፤ ሕመም በሆዷ ገብቶ ነበር። እህቷ የነገረችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ሐኪም ቤት ነርሶቹ በየቀኑ፣ «ያምሻል? የሕመም ማስታገሻ እንጨምርልሽ?» ይሏት ነበር። እሷ «መጥፎ አይደለም፣ እችለዋለሁ» ትላቸዋለች። እነሱም ያመኗት ይመስለኛል። ደጎች ነበሩ አለች እህቷ፤ ሰውን አክብረው የሚጠይቁ። ይህን ስሰማ ስልኩን ዘግቼ ከቤቴ ደጃፍ ብዙ ሰዓት ቆምሁ። ልጠላው የምችለው ሰው ፈለግሁ፤ አጣሁ።

መጽሐፍ መመለሻ ቤት ስለሌለ ደሪንጋል ለቅሶ የምትደርስበት ቦታ አልነበራትም። ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ ኮፍያውን ይነካና ያልፋል። የሚሰለፍበት የለም።

ሳጥኑ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ቆሟል። ዱጊ የማያቀዘቅዝ ፍሪጅ ይለዋል። በበጋ ብረቱ እጅ ያቃጥላል፤ ስልክ የማያውቅ ሰው አይከፍተውም፤ ስልክ የሚያውቀው ደግሞ ቀድሞም አያስፈልገውም ነበር። የጡረታ ወረቀቱን የሚሞላለት ያጣ ሰው ሙሉ ቀን ነድቶ ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል፤ መንዳት የማይችለው ይተወዋል።

በቀደም ታምሲን ተመልሳ መጣች። ዕቅዱ እንዴት እንደሠራ ልትገመግም ነው። እኔንና ዱጊን ከማደያው አጠገብ፣ ከፒክአፔ ጥላ ሥር ቆመን አገኘችን። ከሁሉ በፊት ስለ ኖላ፣ «በጣም አዘንኩ ክሌም፤ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው የሰማሁት» አለችኝ። ከልቧ ነው። ዓይኗ እርጥብ ነበር። ከዚያም መጻፊያዋን አውጥታ፣ «ከተማዋስ? ያለ ቤተ መጻሕፍቱ እንዴት ሆናችሁ?» አለችኝ።

ኖላ ወደ በጎቹ እያየች ያለችው ትዝ አለኝ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። ዓይኗን አይቼ፣ ጥርት አድርጌ፣ «አልቻልነውም» አልሁ። «ጨርሶ አልቻልነውም። ከተማው አልቆለታል፤ የሚቀረው መቀበሩ ነው።»

ታምሲን ከመጻፊያዋ ቀና አለችና ሳቀች። በፌዝ አይደለም፤ በፍቅር፣ እንደ ቤተኛ። ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አሁንማ አታታልሉኝም!» አለች። «የመጀመሪያ ጊዜ ስመጣ ቀልዳችሁ አልገባኝም ነበር። ኖላ ናት የነገረችኝ፤ ክሌም ፊቱን ሳይለውጥ ነው የሚቀልደው፤ የሚለውን ገልብጠሽ ስሚው ብላ።»

«አልቀለድኩም» አልኋት።

የባሰውን ሳቀች። «አዎ፣ እንደዚሁ ነው ያለችኝ!»

ወደ ዱጊ ዞርሁ፤ እንዲያግዘኝ። ዱጊ ልጅቷን አየ፤ አቧራ የጠጣውን መኪናዋን አየ፤ ገና የምትነዳውን መንገድ አየ።

«እሱን አትስሚው የኔ ልጅ» አላት። «እንችለዋለን። ውሃ ይዘሻል ለመንገድ?»

ይዣለሁ አለች፤ ጻፈች፤ አመስግናን ሄደች። አቧራው እስኪረግብ መንገዱን አየነው።

«ምነው ዱጊ?» አልሁት።

«ምን እንድላት ፈለግክ?» አለ። «ያን ሁሉ መንገድ ብቻዋን ነድታ የመጣች ልጅ ናት።»

እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እሱ ያለውን ነበር የምለው። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሣል። ሳጥኑ ውስጥ የማናችንም መጽሐፍ አልነበረም። የምንሄድበት ስለሌለን እዚያው ቆየን።